አዳክስና የደን ሞስ፦ የቤት ሥራው ሠንጠረዥ ከየት ይጀመር?

እናት ከኡፕሳላ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በስዊድን፣ በኡፕሳላ አቅራቢያ ሲሆን፣ የምጽፈው የ12 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ባመጣችው የቤት ሥራ ላይ ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው። መምህሯ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሕያዋን ፍጥረታትን በዕጣ አከፋፍለዋል፤ አንዱ ሊጠፋ የተቃረበ፣ ሌላው በየቦታው የሚገኝ እንዲሆን አስበው ነው ዕጣውን ያዘጋጁት። ለልጄ የደረሷት አዳክስ የሚባለው የሰሃራ በረሃ እንስሳና ከቤታችን ጀርባ ያለውን የጥድ ደን ወለል እንደ ምንጣፍ የሸፈነው ሞስ ናቸው። የሞሱ ሳይንሳዊ ስም ሃይሎኮሚየም ስፕሌንደንስ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ግን ሁስሞሳ ይሉታል፣ የቤት ሞስ ማለታቸው ነው፤ በድሮ ጊዜ የእንጨት ቤት ሲሠሩ በግንድና በግንድ መካከል ያለውን ክፍተት ይወትፉበት ነበርና።

ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ስለሆነ በስዊድንኛ ከመጻፏ በፊት ነገሩን ከእኔ ጋር በአማርኛ ተወያይታ እንድትረዳው እፈልጋለሁ። “መኖሪያ”፣ “ምግብ”፣ “መራባት” እያልን ሠንጠረዥ አዘጋጅተን ሞላን፤ ሲጨርሱት ግን ሠንጠረዡ ምንም አይናገርም። አንዱ እንስሳ፣ አንዱ ተክል ነው፤ በሁሉም ረድፍ ይለያያሉ፤ ይህ ደግሞ ሳይሞሉትም የሚታወቅ ነው።

ከዚያ ልጄ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ “ውኃ ሳይጠጣ በረሃ ውስጥ መኖር የሚችል እንስሳ ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ለምን ያልቃል? በጣት ሲነኩት የሚበጣጠሰው ሞስስ ለምን ደኑን ሁሉ ሞላው?” እኔም በረሃው ከቀድሞው ይልቅ እየደረቀና እየከበደ ስለ ሄደ አዳክስ እንዳለቀ፣ ሞሱ ደግሞ እርጥብ አገር ውስጥ ስለሚኖር ውኃውን በሥሩ ከአፈር እየሳበ እንደ ልቡ እንደሚያድግ ነገርኳት። መልሱን ከሰጠኋት ወዲህ ግን እርግጠኛ አልሆንኩም፤ ለልጅ የተሳሳተ ነገር ማስተማርም አልወድም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አርሙኝ።

የሸለቆ ቅጠል

ውድ እህቴ፣ እኔ ዕፅዋትን ያጠናሁ ሰው ስለሆንኩ ስለ ሞሱ ልናገር፤ ስለ እንስሳው የተሻለ የሚያውቅ ሰው እንደሚመጣ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጀመሪያ ለልጅዎ ከነገሯት ውስጥ መታረም ያለበት የሥሩ ነገር ነው። ሞስ ሥር የለውም። ከታች የሚታዩት ቀጫጭን ክሮች ከድንጋይ ወይም ከወደቀ ግንድ ጋር ማያያዣ ናቸው እንጂ እንደ ጤፍ ወይም እንደ ባሕር ዛፍ ሥር ውኃን ከጥልቅ አፈር አይስቡም፤ በሁስሞሳ ላይ ደግሞ እነርሱም ጥቂት ናቸው። ቅጠሎቹ በአብዛኛው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ያላቸውና ውኃ እንዳይተን የሚከለክል ሰም የሌላቸው ስለሆኑ፣ ዝናብ፣ ጤዛና ከዛፉ ቅርንጫፍ የሚንጠባጠበው ውኃ በቀጥታ በቅጠሉ በኩል ይገባል፤ አየሩ ሲደርቅም በዚያው በኩል ተመልሶ ይወጣል። እርጥብ በሆነ አገር ይኑር እንጂ ሞስ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ፣ በበጋ ደግሞ በየጥቂት ቀኑ፣ ድርቅ ብሎ ይደርቃል።

ሁለቱን ፍጥረታት ማወዳደር ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አዳክስ የሚኖረው የሰውነቱን ውኃ አጥብቆ በመያዝ ነው፤ ውኃው ካለቀ ይሞታል። ሞስ ግን ለመያዝ አይታገልም፤ ሲደርቅ ይለቀዋል፣ ምግብ መሥራቱንና መተንፈሱን ያቆማል፣ የሕዋሶቹን ሽፋን በስኳር ዓይነት ንጥረ ነገሮች ጠብቆ ያቆያል፣ ዝናብ ሲመጣም በደቂቃዎች ውስጥ ቅጠሉን ዘርግቶ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱም የውኃ እጥረት የሚያውቁ ፍጥረታት ናቸው፤ ያገኙት መፍትሔ ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የሠንጠረዡን የመጀመሪያ ረድፍ “ውኃ ሲጠፋ ምን ያደርጋል?” ብላችሁ እንድትጀምሩ እመክራለሁ፤ ከዚያ ረድፍ የሚመጡት መልሶች ሌሎቹን ረድፎች ራሳቸው ይጎትታሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይነሳም። ከድርቀት መነሣት ለሞስ በነፃ የሚገኝ ነገር አይደለም። እንደ ረጠበ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት የተጎዳውን ሲጠግን ብዙ ይተነፍሳል፣ ያከማቸውንም ምግብ ያቃጥላል፤ ትርፍ የሚያገኘው እርጥበቱ በቂ ሰዓት ከቆየ ብቻ ነው። አጭር ካፊያ እየመጣ ቶሎ ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ ሞሱ በእያንዳንዱ ዙር ይከስራል። ደኑ ተጨፍጭፎ ፀሐይ በቀጥታ ሲያገኘው ይህ “በየቦታው የሚገኝ” የምንለው ሞስ ቡናማ ሆኖ የሚጠወልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ልጅዎን ወደ ደኑ ይዘዋት ይውጡና አንድ ዘለላ በእርጋታ ከምንጣፉ ለይተው ያሳዩአት። ሁስሞሳ በየዓመቱ አዲሱን ቅርንጫፍ ካለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ጀርባ ላይ ስለሚያበቅል እንደ ደረጃ ተደራርቦ ይታያል፤ ከላይ ያለው የዘንድሮ፣ ቀጥሎ ያለው የአምና፣ ከሥሩ ያለው የካቻምና ነው። ዕድሜውን በጣት መቁጠር የሚቻልበት ሞስ ይህ ነው።

ሰባት ክረምት በበረሃ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የተማርኩት ሳይንስ አይደለም፤ ነገር ግን በኤምሬትስ ውስጥ የበረሃ እንስሳት በሚራቡበት አንድ ቦታ በእንስሳት ተንከባካቢነት ለሰባት ዓመታት ስለ ሠራሁ አዳክስን በየቀኑ አይቼዋለሁ፣ በእጄም አብልቼዋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ዓረቦች ማሃ አቡ ዓደስ ይሉት ነበር።

ለልጅሽ ይህን ንገሪያት። አዳክስ በእኛ አገር በአዋሽ ፓርክ የሚገኘው የሳላ ዘመድ ነው፤ ቀንዱ ግን እንደ ሳላ ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ተጠመዘዘ ገመድ እየዞረ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፣ ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው። ፀጉሩ በክረምት ወደ ግራጫ ቡናማነት ይመጣል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ቀስ በቀስ እየነጣ በሐምሌና በነሐሴ ከአሸዋው ላይ ዓይንን የሚወጋ ነጭ ይሆናል። ግንባሩ ላይ ቡናማ ጉንጉን ፀጉር፣ ከዓይኖቹ በታች አፍንጫው ላይ ደግሞ ነጭ የመስቀል ቅርጽ ያለው ምልክት አለው።

ከሁሉ የገረመኝ ሰኮናው ነበር። ማለዳ ድርቆሽ ይዤ ስገባ የእኔ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ በሚሰጥምበት አሸዋ ላይ የእርሱ ዱካ ሰፋ ብሎ፣ እንደ ትንሽ ሳህን ተዘርግቶ፣ ከላይ ብቻ ተጽፎ ይታይ ነበር። ሁለቱ የሰኮናው ጥፍሮች ሲረግጥ ይከፈታሉ፤ ለስላሳ አሸዋ የሚሸከመው በዚህ ነው። ቀን በፊት እግሩ በጥላ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ከላይ ያለውን የጋለ አሸዋ ገፍቶ ቀዝቃዛው ላይ ይተኛል፤ የሚንቀሳቀሰውና የሚበላው በአብዛኛው ሌሊትና ማለዳ ነው። በዱር ያለው አዳክስም እንዲሁ ሌሊት የሚበላው፣ ሣሩ የሌሊቱን እርጥበት በያዘበት ሰዓት ስለሆነ፣ ውኃውን ከምግቡ ያገኛል ማለት ነው። ሽንቱ ጥቂትና የወፈረ፣ በጠጡም ደረቅ ጠጠር ነው።

ብዙ ቦታ “አዳክስ ውኃ አይጠጣም” ተብሎ ስለሚነገር አንድ ነገር ላስተካክል። በገንዳ ውኃ ስናቀርብለት ይጠጣ ነበር። ሳይጠጣ ለረጅም ጊዜ መኖር ይችላል ማለትና አይጠጣም ማለት የተለያዩ ናቸው።

ያሳዘነኝን ነገርም ልናገር። አዳክስ ሯጭ አይደለም። በአጠገቡ ባለው አጥር ውስጥ የነበሩት የሜዳ ፍየሎች ሲደነግጡ እንደ ቀስት ይወረወሩ ነበር፤ አዳክስ ግን እግሩ አጭርና ወፍራም፣ ሰውነቱም ከባድ ስለሆነ ጥቂት ሮጦ ይደክማል። የምንመዝናቸው ወንዶች ከ100 ኪሎ በላይ ነበሩ። ዱር ውስጥ በመኪና የሚያሳድደው ሰው ቢመጣ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ እያሰብኩ ያመኝ ነበር።

የአሸዋ ካርታ

ከላይ የተጻፈው የመጨረሻው አንቀጽ የልጅዎ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ከዚያ ልቀጥል። የቀረቡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውድ ጠያቂ፣ በረሃው ስለ ከበደው አለቀ ያሉት ለመቀበል ይከብደኛል። ድርቅ የግጦሹን መጠን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን አዳክስ ከሰሃራ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖረ እንስሳ ነው፣ የጥንት ግብፃውያን በመቃብሮቻቸው ግድግዳ ላይ ሥለውት እናገኛለን፤ በአንድ ወቅት ከምዕራቡ የሰሃራ ጫፍ እስከ ናይል ሸለቆ ድረስ ይገኝ ነበር። ያጠፋው አደን ነው፤ በተለይም ጠመንጃና ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪ ከተገናኙ በኋላ የተደረገው አደን። አዳክስ ከጠላት የሚድንበት ዋና መንገድ ፍጥነቱም ቀንዱም አልነበረም፤ ማንም ሊደርስበት የማይችልበት ቦታ መኖሩ ነበር። ሰውም ፈረስም ውኃ አጥቶ በሚመለስበት ምድር እርሱ ይቀር ነበር። መኪናው ያን ርቀት አጠፋው። ውኃን አጥብቆ የመያዝ ችሎታው አልተበላሸም፤ ያ ችሎታ ይሰጠው የነበረው መጠለያ ነው የተወሰደበት።

የቅርቡን ታሪክ ብናይ ይኸው ግልጽ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አዳክስን ከ2000 ጀምሮ በዱር ከመጥፋት አንድ ደረጃ ብቻ በሚያንሰው የአደጋ እርከን ላይ አስቀምጦታል። በዱር የቀረው ዋናው መንጋ የሚገኘው በምሥራቅ ኒጀር፣ ቴርሚትና ቲን ቱማ በሚባለው አካባቢ ሲሆን፣ የኒጀር መንግሥት ቦታውን በ2012 የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል አድርጎ አውጆታል፤ ስፋቱም ወደ 100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ነገር ግን በዚያው አካባቢ ባለው የአጋደም ሜዳ የነዳጅ ምርት በ2011 ተጀምሮ ስለ ነበር መንገድ፣ ተሽከርካሪና የታጠቀ ጠባቂ ወደ መጨረሻው መሸሸጊያ ገቡ፤ የነዳጁን ሥራ እንዲጠብቁ ከተሰማሩት ወታደሮች መካከል አዳክስን የገደሉ እንደ ነበሩ ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት ሊቢያ ስትፈርስ የጦር መሣሪያና መኪና ድንበር ተሻግሮ በረሃውን ሞላው። በመጋቢት 2016 ሰፊ ቅኝት ተደርጎ በቲን ቱማ የታዩት 3 አዳክሶች ብቻ ነበሩ። በ2019 ደግሞ የክልሉ ወሰን እንደገና ተከልሶ ነዳጅ የሚፈለግበት ክፍል ከጥበቃው እንዲወጣ ተደርጓል። ይህን ስጽፍ ልቤ ይቆስላል፤ ጥብቅ ክልል ማለት ነዳጅ እስኪገኝ ድረስ ብቻ የሚጸና ቃል መሆን አልነበረበትምና።

አሁን ሞሱን ከዚህ አጠገብ ያስቀምጡት። ሥጋውን የሚፈልግ የለም፣ ቀንዱን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል የለም። ሴቷ አዳክስ ስምንት ወር ተኩል ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው፤ ከመንጋው በዓመት ከሚወለደው በላይ ከተገደለ ሒሳቡ ወደ ታች ብቻ ይሄዳል። ሞሱ ግን በስፖርም፣ በቅርንጫፍ መበጣጠስም ይባዛል። ልጅዎ እንደ ድክመት ያየችው በጣት ሲነካ መበጣጠሱ፣ የመስፋፋቱ አንዱ መንገድ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ፣ ልጅዎ እርሱንም ትጻፍ። ከላይ የጻፉልን ወንድማችን እንደሚያውቁት በኤምሬትስና በሌሎች አገሮች በሰው እጅ የሚራቡ ብዙ አዳክሶች አሉ። በቻድ ዋዲ ሪሜ ዋዲ አሺም በሚባለው ጥብቅ ክልል ውስጥ፣ በዱር ጠፍቶ የነበረው ቀንደ ቆልማማው ሳላ ከ2016 ጀምሮ ከአቡዳቢ እየተወሰደ እንዲመለስ ከተደረገ በኋላ፣ በ2019 መጨረሻ ገደማ የመጀመሪያዎቹ 15 አዳክሶች ወደዚያው ተጉዘው በኋላ ተለቀዋል። ሳላውም በ2023 “በዱር የጠፋ” ከሚለው እርከን ወጥቷል። በቱኒዚያና በሞሮኮም አዳክሶች ወደ ጥብቅ ክልሎች ተመልሰዋል።

እናት ከኡፕሳላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ትናንት ማታ ለልጄ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፤ ስለ ሰኮናው ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። የነገርኳትን ሁለቱንም ስሕተት ነግሬያት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ሁለት ጥያቄዎች ቀሩኝ። አንደኛ፣ ሞስን በአማርኛ ምን ልበላት? እኔ ባደግሁበት አካባቢ በድንጋይና በዛፍ ላይ የሚበቅለውን ሁሉ ሽበት ነበር የምንለው፤ የዛፍ ሽበት፣ የድንጋይ ሽበት እያልን። ሁለተኛ፣ ልጄ በሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ “ለሰው ምን ይጠቅማል?” የሚል ረድፍ መምህሯ እንዳዘዟት ነገረችኝ፤ ለሞሱ የጻፈችው “ቤት መወተፊያ” ብቻ ነው።

የሸለቆ ቅጠል

ስለ ስሙ፦ ሽበት የሚለው ቃል ውብ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ከዛፍ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው ግራጫ ነገርና ድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት የሚለጠፈው በአብዛኛው ሞስ አይደለም። እርሱ ፈንገስና አልጌ አብረው የሚሠሩት፣ ላይከን የሚባለው ነው። ባሌ ውስጥ ሐረና ደን የገባ ሰው ሁለቱን በአንድ ግንድ ላይ ጎን ለጎን ያያል፤ አረንጓዴው፣ ሲጨብጡት እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚያወጣው ሞስ ነው። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ሥራ ሞስ ብትል ይሻላል፤ በትምህርት መጻሕፍታችንም የተለመደው እርሱ ነው።

ስለ ጥቅሙ ብዙ የሚባል አለ፤ የምትኖሩት ደግሞ ነገሩ በተጀመረበት አገር ነው። ሞስ ሥር ስለሌለው በውስጡ የሚገኘው ብረታ ብረት በአብዛኛው ከአየር የወረደበት ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች ይህን አስተውለው በ1960ዎቹ መጨረሻ በየደኑ ሞስ እየሰበሰቡ እርሳስ፣ ካድሚየምና ሌሎች ብረቶችን መለካት ጀመሩ፤ ከ1990 ወዲህ ደግሞ በርካታ የአውሮፓ አገሮች በየአምስት ዓመቱ ያደርጉታል። ሁስሞሳ ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት ዋና ዋና ዝርያዎች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም ያ በደረጃ የሚቆጠረው ዕድገቱ የትኛው ክፍል በየትኛው ዓመት እንደ በቀለ ይናገራልና። ቤንዚን ውስጥ እርሳስ መጨመር ከቀረ በኋላ በሞሱ ውስጥ ያለው እርሳስ እጅግ እንደ ቀነሰ የታየውም በዚሁ መንገድ ነው።

ሌላው ጥቅሙ ለደኑ ራሱ ነው። በእነዚህ የሰሜን ሞሶች ቅጠሎች መካከል ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖራሉ፤ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለሕይወት በሚጠቅም መልክ ያስቀምጡታል። የሁስሞሳ ጎረቤት በሆነውና ፕሊዩሮዚየም በሚባለው ሞስ ላይ በተደረገ ልኬት በዓመት በሄክታር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን እንደሚገባ ታውቋል። ለእርሻ ይህ ኢምንት ነው፤ ማዳበሪያ ለማያይ የሰሜን ደን ግን ትልቅ ነገር ነው። በአንጻሩ ናይትሮጅን በብክለት መልክ ከውጭ ሲበዛበት ሳያኖባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ይቀንሳሉ።

ከዚህ በመነሣት ከአሸዋ ካርታ ጋር በአንድ ነገር ላይ ትንሽ እለያለሁ። ሞሱን የሚፈልገው የለም ማለት የሚነካው የለም ማለት አይደለም። አዳክስን ጥይት ያገኘዋል፤ ሞሱን ደግሞ አየሩና መጥረቢያው ያገኙታል። ልዩነቱ ሞሱ በሰፊ ምድር ላይ ተዘርግቶ ስለሚኖር በአንድ ቦታ ሲጎዳ ሌላ ቦታ መትረፉ ነው፤ አዳክስ ግን በዱር የቀረለት ሌላ ቦታ የለም ማለት ይቻላል።

የአሸዋ ካርታ

እርማቱን እቀበላለሁ፤ “የሚያድነው የለም” ማለት ነበረብኝ። ልጅዎ ሠንጠረዡ ላይ “ጉዳቱ ከየት ይመጣል?” የሚል ረድፍ ብትጨምር የእርስዎ አገላለጽ ከእኔ ይሻላል።

ሰባት ክረምት በበረሃ

እህቴ፣ ልጅሽ ሰኮናውን ከወደደችው በወረቀት ላይ አሥላት። ሁለቱን ጥፍሮች አራርቃ ትሣል፤ ከኋላቸው ሁለት ትንንሽ ተጨማሪ ጥፍሮች አሉ፣ እነርሱንም እንዳትረሳ።

እናት ከኡፕሳላ

የቤት ሥራው ዛሬ ገባ። ከአንድ ሳምንት በፊት ከደኑ ያመጣነውን አንድ ዘለላ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርቀነው ነበር፤ ሲነካ እንደ ደረቅ ወረቀት ይንኮሻኮሽ ነበር። ትናንት ማታ ልጄ በሻይ ማንኪያ ውኃ አንጠባጠበችበትና ሰዓት ያዘች። ቅጠሎቹ ዓይናችን እያየ መዘርጋት ጀመሩ፤ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አረንጓዴ ሆነ። አራት ደረጃ ቆጥራ፣ ከታች ያለው እርሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች የበቀለ መሆኑን በስዊድንኛ ጻፈች፤ ከጎኑም የአዳክሱን ሰኮና ከነትንንሾቹ ጥፍሮች ሥላለች። የመጀመሪያው ረድፍ “ውኃ ሲጠፋ ምን ያደርጋል?” የሚል ሲሆን፣ ከአዳክስ ሥር “ይይዘዋል”፣ ከሞስ ሥር “ይለቀዋል” ብላ ጽፋለች።